ከማርታ ሥዕሎች ሥር ላለሽው

አንቺ ነገረኛ የእህቴ ልጅ፣ ፀግዬ፤

ጥለሽን ከሄድሽ ይኸው ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትሽን ያወጣነው በዝናብ ነው። የቦንጋ ሰው መቼም ዝናብ ብሎ አይቀርም፤ ጭቃውን በእናትሽ ምንጣፍ ላይ አራግፎ፣ አልቅሶልሽ ሄደ።

አንቺና ጓደኛሽ ማርታ ትሥሉባት የነበረችው፣ ከገበያው በላይ ያለችው ክፍል ዛሬ ሞባይል ይጠገንባታል። አከራዩ ኪራይ ሲጨምር ማርታ ብቻዋን አልቻለችውም። ሥዕሎችሽን በባጃጅ ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። ሹፌሩ "ጋሼ፣ በር ነው መስኮት?" ቢለኝ "ሰው ነው፤ ቀስ ብለህ ንዳ" አልኩት።

ስለ ቀለም አትጠይቂኝ። የዶላር ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንደ መድኃኒት በጠብታ ሆኗል። ሸራማ ጭራሽ አይቀመስም። ማርታ የዐውደ ርእይዋ ቀን ተቆርጦ፣ አዳራሹ ተፈቅዶላት፣ የምትሥልበት አጣች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣችና ያቀረብኩላትን ሻይ ገፋ አደረገች። ከዚያ ያንቺን ሸራዎች ለመነችኝ፤ ነጭ ቀብታ በላያቸው ልትሥል።

እናትሽ ስትሰማ "ልጄን ሁለቴ ልትቀብሯት ነው?" አለች።

ያኔ ትዝ ያለኝ ያንቺው ሥራ ነው። ኮትና ክራቫቴን አድርጌ ስንት እሑድ ተቀምጬልሽ፣ መልኬን ልይ ብዬ ብመጣ በላዬ ላይ የእንሰት ጓሮ ሥለሽበት አገኘሁ። ሌላ ሸራ አልነበረሽም። "አጎቴ፣ አፍንጫህ ብቻውን ቀለሜን ሊጨርስ ነው" ብለሽ ሳቅሽብኝ። እኔም ለመጣው እንግዳ ሁሉ "ከዚያ እንሰት ጀርባ እኔ አለሁ" እያልኩ ስኮራ ኖርኩ። ብትኖሪ ሸራዎቹን ለማርታ ራስሽ ታቀብዪያት ነበር። አንዱን እንኳ ላስቀር አሰብኩ፤ የቱን? ሁሉም አንቺ። ሰጠኋት።

ስትቀባቸው አብሬያት ነበርኩ። እናትሽን ኮረሪማ ስትለቅም የሣልሽበትን ለመጨረሻ አቆየችው። ነጩ መጀመሪያ ቀሚሷን፣ ከዚያ እጇን፣ ከዚያ ፊቷን ሸፈነው። ማርታ እያለቀሰች ትቀባለች፤ እኔ የምቀልደው ጠፋኝ። ያ ለእኔ ምን ያህል በሽታ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ዐውደ ርእዩ ተከፈተ። ሰው መጣ፣ አየ፣ ፎቶ ተነሣ፣ አንድም ሳይገዛ ሄደ። የመጨረሻው ቀን ላይ እናትሽ በጥቁር ልብሷ ገባች። ኩርፊያዋን ሳትተው "የኔዋ የቷ ናት?" አለችኝ። ፍሬሞቹን የሠራኋቸው እኔ ስለሆንኩ በጠርዛቸው እለያቸዋለሁ። ማርታ የሺሺንዳን ገበያ የሣለችበትን አሳየኋት። ጠጋ ብሎ ላስተዋለው፣ ያንቺ ወፍራም ቀለም ከሥር እንደ ጠባሳ አብጦ ይታያል። እናትሽ መዳፏን አሳረፈችበት። ጥበቃው "እማማ፣ በእጅ አይነካም!" ብሎ ጮኸ። አላነሣችም።

አሁን ማርታ እንጀራ ፍለጋ ጅማ ሄዳለች። ሥዕሎቹ ተመልሰው እኔ ቤት ግድግዳ ተደግፈዋል። ከየትኛው ሥር የትኛው እንዳለ የማውቅ እዚህ እኔ ብቻ ቀረሁ፤ ከእኔ በኋላ ያለውን አላውቅም። እስካለሁ ግን አልረሳውም፤ እናትሽ በመጣች ቁጥር የእሷን ሸራ ወደ ብርሃን አዙሬ እጇን እመራላታለሁ።

አጎትሽ