ከቪጎ የመጣው ካላማሪ

ለምወድህ ወንድሜ ለፓንዴሊስ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ያ ሳልህ ለቀቀህ? የመርከቡ ምግብ ይስማማሃል? እንቅልፍስ ታገኛለህ? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አባባ ነው። በስፔኖቹ ትልቅ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ተቀጥረህ ከሄድክ ወዲህ ስምህ ሲነሳ ከቤት ይወጡ እንደነበር ታውቃለህ። «ባሕሩን ጠርገው ከሚወስዱት ጋር የወገነ ልጅ የለኝም» ያሉት ቃል በሁላችንም ሆድ ውስጥ ቀርቷል። ዘንድሮ ደግሞ አባባ ዕድሜ ልካቸውን ከባሕሩ ሲያጠምዱት የኖሩት የኛ ካላማሪ ጭራሽ ጠፋ። ጎረቤታችን ስትራቲስ እንኳ አመሻሹ ላይ ወጥቶ ባዶ ጀልባ ይዞ ይመለሳል።

በቀደም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እትዬ ማርጎ ምግብ ቤት ገባን። አባባ የተጠበሰ ካላማሪ አዘዙ። አንድ እንደጎረሱ ፊታቸው ተለወጠና፣ «ማርጎ፣ ይሄ ከኛ ባሕር የወጣ አይደለም» አሏት።

«እናንተ ባዶ እጃችሁን ስትመጡ እኔ ምን ልጥበስ? በካርቶን ከስፔን፣ ከቪጎ ወደብ የመጣ ነው» አለቻቸው።

ሳህኑን የሚወረውሩ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «ቪጎ የዚያ ልጅ መርከብ የሚያራግፍበት አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ ቀስ እያሉ ሁሉንም በሉት፤ የቀረውን ዘይት በዳቦ ጠረጉት።

ስትራቲስ ከወዲያኛው ጠረጴዛ፣ «ጋሽ ሚካሊስ፣ ጎማ ማኘክ ጀመሩ እንዴ?» ሲላቸው፣

«አንተ ዝም በል። ልጄ በርዶት ያጠመደውን ነው የምበላው» አሉት።

ስለ አንተ ስናወራ የማይሰሙ ይመስለኝ ነበር። ለካ አንዷም ቃል አላመለጠቻቸውም። ትናንት ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው ፍራሽህን አውጥተው ፀሐይ ላይ ዘረጉት። እማዬ በመስኮት አይታ አለቀሰች።

እማዬ ዓይንህን ስማሃለች። ትንሿ እህታችን ዴስፒና ሰላም ብላሃለች፤ ቁመቷ እኔን አልፏል። እትዬ ማርጎም ስትራቲስም ሰላምታ ልከዋል።

አባባን፣ «ምን ልበልልዎ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ይቅርታ ከአፋቸው እንደማይወጣ ታውቃለህ። «ጉልበቴ ጎንበስ አላስብል ብሎኛል በይው። ለፋሲካ ይምጣና ጀልባዋን አብረን እንቀባት» አሉኝ።

እህትህ ካሊዮፒ
ሌስቦስ ደሴት፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1991