ግራኙ አጫጅ

ወረታ፣ ኅዳር 2007 ዓ.ም.

ልጄ የኔነህ፣ የቁሐሩ ሚካኤል ከፊትም ከኋላም ይጠብቅህ። ደኅና ነን፤ ሩዙን አጭደን ጨርሰናል።

ቡጢውም እርግጫውም ትግሉም የተደባለቀበትን ግጥሚያህን መምህር ሲሳይ በስልኩ አሳየኝ። «ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ስለሚቆም፣ ግራ እጁ ከየት እንደሚመጣ ተጋጣሚዎቹ አያውቁትም፤ የሚያሸንፈው ለዚህ ነው» አለኝ።

ወዲያው አጎትህን አምባውን አመሰገንሁ። ያኔ በልጅነትህ በግራ እጅህ ስታጭድ፣ የደቦው ሰው «ማጭዱ እኛን ይቆርጠናል» ቢለኝ በቀኝህ እንድታጭድ አስገደድሁህ፤ ማጭዱ ጉልበትህ ላይ ቆረጠህ። አምባው ግን «ማንንም እንዳይነካ ከሰልፉ ዳር አቁሙት። እጁን የሠራለት እናንተን ጠይቆ አይደለም» አላቸው። ይቅር በለኝ።

አሁን ተጋጣሚዎችህ ከግራኝ ጋር እየተለማመዱ ይመጣሉ አሉ፤ ይህ እንቅልፍ ነሣኝ።

እጅህ ይባረክ፣ ልጄ። የትኛውንም እግርህን ብታስቀድም፣ ፊትህን ሸፍንልኝ።

እናትህ ሙናዬ