ማሳውን እየው

ውዱ አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስካሁን አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ፈርቼህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ጥጥ መፍተሏን ግን አልተወችም፤ እስቲ እረፊ ያላትን ሁሉ ታባርራለች። ከአፕል ዛፎችህ ሁለቱ ደርቀዋል፣ የቀሩት አፍርተዋል። ድንቹም ዘንድሮ ጥሩ ነው። እኔ አሁንም አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነኝ፤ ጋራዡን ግን ትቼ የሞባይል ቀፎና ቻርጀር እሸጥ ነበር። ልጄ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናት እያልክ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ላገኘኸው ሰው ሁሉ ስታወራ የኖርከው ሰውዬ፣ ይህን ብትሰማ ስንት ቀን ታኮርፈኝ ነበር!

ፒካፗ ላይ እነዚያን ሁለት ቢጫ መብራቶች የገጠምንበት ቀን ትዝ ይልሃል? ከዶርዜ ድንች ጭነህ ስትወርድ ጉሙ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንኳ መንገዱን እየዋጠ አስቸገረህ። መብራቶቹን ከፊት ፓራውልቱ፣ ከግጭት መከላከያው ብረት ላይ አሰርኳቸው፤ ሽቦውን በኮፈኑ ሥር አሳልፌ፣ ፊውዙንና ሪሌውን አስገብቼ፣ ማብሪያውን ከመሪው ሥር ተከልኩት። አንተ አጠገቤ ቆመህ ታዘኛለህ፤ ስለ ኤሌክትሪክ የምታውቀው ግን ሲነኩት እንደሚነዝር ብቻ ነው። ሞተር ባይነሳም እንዲበሩልኝ ቀጥታ ከባትሪው አድርጊልኝ ብለህ ነዘነዝከኝ፣ አደረግሁልህ። በሳምንቱ ማጥፋት ረስተህ ባትሪውን ጨርሰህ ገበያ መሀል መኪና ስታስገፋ ዋልክ። እኔ ላይ ግን አመካኘህ።

የማሳውን ነገርማ እንዴት እረሳዋለሁ። እኛ ጋራዥ ውስጥ ከመኪናው ብረት ላይ በቡሎን የሚታሰረውን ሽቦ ማሳ እንለዋለን፤ እሱ ከላላ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ግራው መብራት ብልጭ ድርግም ሲልብህ ደወልክልኝ፣ እኔም ማሳው ላልቶ ይሆናል፣ ጠበቅ አድርገህ እሰረው አልኩህ። አንተ ሆዬ ስልኩን ዘግተህ ድንቹ ማሳ ወረድክ! ግማሽ ቀን ሙሉ አጥሩን ስታስርና ስታጠብቅ ውለህ፣ ማታ ደውለህ ማሳው አሁን ዶሮም አያስገባም፣ መብራቱ ግን ያው ነው አልከኝ። ሳቄ አላስጨርስ አለኝ፣ አንተ ደግሞ ተቆጣህ፤ መንደሩን ሁሉ ግን ራስህ ነህ እየዞርክ ያሳቅከው። በሚቀጥለው እሁድ መጥቼ ቡሎኑን በጣትህ አስነካሁህ።

ከዚያ የመጨረሻው ስልክህ መጣ። ግራው መብራት እንደገና ብልጭ ድርግም እያለ ነው አልከኝ። እኔ የሰው መኪና ውስጥ አንገቴን ቀብሬ ነበርና ማሳውን እየው ብዬ ዘጋሁብህ። ደህና ዋል እንኳ አላልኩህም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት በዚያ ጉም ውስጥ ስትወርድ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ከዳር ካለው አፈር ጋር ተላተመች። አንተን ሳላገኝህ ሄድክ።

ሐኪሙ ልቡ ቀድሞ ቆሟል፣ ከአፈሩ የተጋጨው ከዚያ በኋላ ነው አለን። አላመንኩትም፤ ሊያጽናናን ነው ብዬ ነበር። በማግስቱ መኪናዋን ሊጎትቱ የሄዱት ሰዎች መብራቶቹ ጠፍተው እንዳገኟቸው ሲናገሩ ሰማሁ፣ አለቀ፣ ለእኔ እሱ ፍርድ ሆነ። አባዬ ደግሞ ወደ ድንቹ ማሳ ወርዷል፣ ቡሎኑን አላየውም፣ መብራቱ ጉም ውስጥ ጠፍቶበታል፣ የገደልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። የደንበኛ መኪና ኮፈን ከፍቼ ሽቦውን ሳልነካ መልሼ እዘጋው ጀመር፣ ጋራዡንም የተውኩት ለዚህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ጠራችኝ። መኪናዋ ጓሮ ሸራ ለብሳ ቆማለች፣ ዶሮዎቹ ከኋላ መጫኛዋ ላይ እንቁላል ይጥሉባታል። ወይ ትሠሪያታለሽ ወይ የዶሮ ቤት ትሆናለች ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እማዬን ታውቃት የለ! ምርጫ አልነበረኝም። ኮፈኑን ከፍቼ ብዙ ቆምኩ፤ ጌታ ሆይ እርዳኝ ብዬ እጄን ሰደድኩ።

አባዬ፣ ማሳውን አይተኸዋል። ቡሎኑ ዙሪያ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፍቀህ፣ ግራሶ ቀብተህ፣ አጥብቀህ አስረኸዋል፤ አሥር ቁጥር መፍቻ ይዤ ብታገል ንቅንቅ አላለም። እንዳይላላ ብለህ ደግሞ የእማዬን ፈትል ሰርቀህ ጠምጥመህበታል። እሷ ፈትሏን አይታ ወይኔ፣ ለካ አንተ ነህ ብላ ጮኸች፤ ለካስ ያን ሰሞን የጠፋባትን ልቃቂት ጎረቤት ላይ አሳብባ ነበር።

ከዚያ ከጋራዡ የተዋስኩትን ባትሪ አስገባሁ። ማሰሪያውን ገና ሳስነካው ሁለቱም መብራቶች ቦግ አሉ። ማብሪያውን አልነካሁትም እኮ! እንደበራ ነው የተውከው። ያን ጠዋት ሁለቱም እያበሩልህ ነው የወረድከው፤ አንተን ያነሱህ ሰዎች መብራት ማጥፋት መች ትዝ አላቸው፣ ባትሪው አልቆ ነው በማግስቱ ጠፍተው የተገኙት። ይህን ማንኛውም የጋራዥ ሰው በአንድ አፍታ ያስበው ነበር። እኔ ዓመት ሙሉ አልታሰበኝም። መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፣ እማዬ ያበድኩ መስሏት ውሃ ልታፈስብኝ ነበር። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። እስክትደክም ሰደበችኝ፣ ከዚያ አቀፈችኝ።

ሰኞ ጋራዡ ተመለስኩ፤ ገና እንደገባሁ የአንድ መኪና ሽቦ ፈትቼ ሠራሁ። የተጨራመተውን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን መከለያ፣ አቃንተን መኪናዋን ወደ ሥራ እንመልሳታለን፤ አይዞህ፣ ዶሮዎቹ ሌላ ቤት ተሠርቶላቸዋል።

እኔ አንተን መቼም አልረሳህም፣ እሱ ቃሌ ነው። ግን አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ትራሴ ላይ ይቅር በለኝ ስልህ ነው ያነጋሁት እንጂ አላለቀስኩልህም፤ ለአባት እንደሚለቀሰው አልቅሼልህ አላውቅም። ቅዳሜ ለት፣ እማዬ ከተኛች በኋላ፣ አባዬ ናፈቅኸኝ ብዬ አለቀስኩልህ።

ልጅህ