የናስ እግሮች

ይድረስ ርቆ ለሚያድረው ባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የድንጋይ መፍጫው አቧራ ደረትህን ለቀቀው ወይስ አሁንም ስትስቅ ያስልሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለት ራሱ ያንሰኛል፤ ምክንያቱን እያነበብክ ትደርስበታለህ።

በቅድሚያ እወቅልኝ፣ ይህን የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ። ፊደሎቹ ያዘነበሉት ስለቸኮልኩ ነው እንጂ ስላልቻልኩ አይደለም። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። መምህርታችን የክፍሉን ጎበዝ ስም ልትጠራ አፏን ስትከፍት እኔ ቀድሜ ጠራሁላት፣ እንዳትደክም ብዬ። እስካሁን የደረሱህን ደብዳቤዎች የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ እንደጻፈችልኝ ታውቃለህ። የማታውቀው ግን «በናፍቆትህ እንቅልፍ አጣሁ» ያለችው እሷ መሆኗን ነው። እኔ ያልኳት «ወፍራሙን ብርድ ልብስ ይዘህብኝ ሄደሃልና ላከው» ብቻ ነበር። አልናፈቅከኝም ማለቴ አይደለም፤ ትናፍቀኛለህ፣ ግን እየናፈቅከኝም እተኛለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በእናንተና በእኛ ከተማ መካከል የሚመላለሰው የአውቶቡስ ሹፌር መልእክትህን አድርሶኛል። ሥራው ቋሚ ስለሆነልህ እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ቀጥሎ ያልከውንም አልደበቀኝም፤ የጥገና ቤቱን ብረታ ብረት ለጌታው ትቼ፣ ጓዜን ጠቅልዬ እንድመጣና ቤቴን እንድይዝ ብለሃል። ይህን ሲነግረኝ እኔን ትቶ የአውቶቡሱን ጎማ ነበር የሚያየው። መልሴን በጽሑፍ አደርገዋለሁ ብዬ አቆየሁት። በሹፌር አፍ የሚላክ መልስ አይደለም። ደግሞ ያን ዕለት ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ የፋርማሲዋን ባለቤት ኮምፒውተር ገድዬ መቆሜ ነበር።

አትደንግጥ፣ ልንገርህ። አንተ ስትሄድ እኔ የኮምፒውተር ጥገና ቤቱን ወለል እወለውል ነበር። ጋሽ መነጽርን አትረሳቸውም መቼም፤ አንዱን መነጽር አፍንጫቸው፣ ሌላውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መነጽራቸውን የሚፈልጉት የቤቱ ጌታ። ከጠረጴዛ ሥር ስጠርግ የትኛው ገመድ የት እንደሚሰካ ሳልጠየቅ ስናገር ሰሙኝና አንድ ቀን መወልወያውን ከእጄ ተቀብለው ካቻቪቴ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተር ሆድ ለእኔ እንደ ራሴ ጓዳ ነው። አንጎሉን፣ ፕሮሰሰር የሚሉትን፣ አይጫኑትም፤ ቦታው ላይ ካስቀመጡት ራሱ ይገባል፣ እንቢ ካለ ያጠፋኸው አንተ ነህ። ራም የሚባለው ማስታወሻው ግን በተቃራኒው ነው፤ ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች ቀጭ ቀጭ እስኪሉ ካልተጫንከው አይሰማህም፣ እንደምታውቀው ሰው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ባዶ ብረት ነክተህ በእጅህ ያለውን ኤሌክትሪክ ታራግፋለህ። እኔ ከልምድ ብዛት አሁን አሁን ሰው ስጨብጥም መጀመሪያ የበር እጀታ እነካለሁ።

የፋርማሲዋ ሴትዮ የኮምፒውተሯ ኬዝ፣ የብረት ሳጥኑ ማለቴ ነው፣ ዝጎባት ነበርና ከሌላ ቦታ ያገለገለ ኬዝ አምጥታ ዕቃው ሁሉ ወደዚያ እንዲዛወርላት ጠየቀች። ጋሽ መነጽርም ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ብቻዬን ካስነሳሁት የአንድ ክሊኒክ ኮምፒውተሮችን ለመትከል አብሬያቸው እንደምሄድ፣ ካላስነሳሁት ግን ወደ መወልወያዬ እንደምመለስ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተናገሩ። አቤት የኩራቴ ነገር። ያን ቀን ብታየኝ አታውቀኝም ነበር።

ኬዙ ቆሻሻ ነበር። እኔ ደግሞ ቆሻሻ አይቼ ማለፍ አልችልም፣ ታውቀኛለህ። ማዘርቦርዱ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ በሚያርፍበት ብረት ላይ ትንንሽ የናስ ጉጦች ቆመው አገኘሁ። የቀድሞው ባለቤት ትርፍራፊ መስለውኝ አንድ በአንድ ፈትቼ ብሎን ማጠራቀሚያው ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኳቸው፤ ከዚያ ብረቱን ፊትህን እስኪያሳይህ ወለወልኩት። ቦርዱን ዘርግቼ አሰርኩት። ከኋላ ያሉት መሰኪያዎች ከኬዙ ቀዳዳ ዝቅ ብለው ነበር፣ ገፋ አድርጌ አስገባኋቸው። ሁሉን ሰክቼ ማብሪያውን ስጫን ማቀዝቀዣው ፋን አንዴ ነቅነቅ አለና ቆመ። ደግሜ ብጫን ያው ነቅነቅ፣ ያው ዝም።

ራም ቀየርኩ፣ ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ፣ ገመዱን ሁሉ ነቅዬ ሰካሁ። ምንም ለውጥ የለም። አፉ አያርፍምና ራዲዮ የምንለው የሥራ ባልደረባዬ መወልወያዬን ያርጥብልኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አርጥበው፣ ምላስህን ስወለውል ደረቅ እንዳይሆንብህ አልኩት። አፌ እንደዚያ ይበል እንጂ ዓይኔ መወልወያዬ የት እንደቆመ አይቶ ነበር።

ጋሽ መነጽር ከወንበራቸው ሳይነሱ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«በሽተኛዋን ከቤቷ አውጪያት።»

ይህ የሳቸው ሕግ ነው። ያልተነሳ ኮምፒውተር ዕቃው ሁሉ ከኬዙ ይወጣና ቦርዱ ካርቶን ላይ ይነጠፋል፤ ፕሮሰሰሩ፣ አንድ ራምና ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ይቀሩለታል። እንዳሉኝ አደረግሁ። ማብሪያው ከኬዙ ጋር ስለቀረ፣ ገመዱ የሚሰካባቸውን ሁለት ትንንሽ የቦርዱን መርፌዎች በካቻቪቴ ጫፍ ነካሁ። ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ላይም ጽሑፍ ተደረደረ። ሁለተኛውን ራም ጨመርኩ፣ ይሠራል። ሃርድ ዲስኩን ጨመርኩ፣ ይሠራል። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ኬዙ ውስጥ መልሼ ሳስረው ሞተ። ሳወጣው ተነሳ። ራዲዮ እንኳን ሥራውን ጥሎ ሊያይ መጣ።

እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዕቃው ሁሉ ጤነኛ ነው። ካርቶን ላይ እየዘፈነ እዚያ የሚያምር ቤት ሲገባ ለምን ይሞታል? ቦርዱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት፤ በብየዳ ነጥቦች ተወርሯል። የወለወልኩትን ብረት ሳየው ነጥቦቹ ያረፉበት ሁሉ ተጭሯል። ያኔ ገባኝ፤ ብረቱ ነጥቦቹን እየነካ ኤሌክትሪኩን ያገናኝበት ነበር። ቆርቆሮውን ዘርግፌ የናስ ጉጦቹን ለቀምኩ፣ ወደየቀዳዳቸው መለስኩ፣ ቦርዱንም በነሱ ላይ አሳረፍኩት። እግሮቹ ነበሩ ለካ። የኋላ መሰኪያዎቹ ያለ ግፊያ ቀዳዳቸው ውስጥ ገቡ። ማብሪያውን ተጫንኩ፤ ተነሳ። ያን የመሰለ ድምፅ ሰምተህ አታውቅም።

ጋሽ መነጽር መጥተው በጣታቸው በቦርዱና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት አሳዩኝ።

«ቤት ያስፈልጋታል» አሉ፤ «ግን ይቺን የምታህል ክፍተት ካልተዉላት ቤቱ ያንቃታል።»

የክሊኒኩን ተከላ ከሳቸው ጋር እየሠራሁ ነው፤ ሊጠናቀቅ ምንም አልቀረው። አሁን የራሴ ካቻቪቴ አለኝ፣ እጀታው ቀይ ነው፣ ራዲዮ እንዲነካው አልፈቅድም። ሲያልቅ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ፤ መምጣቱን እምቢ አላልኩም። ሹፌሩ እንዳጫወተኝ እናንተ ከተማ ጠጋኝ ስለሌለ ሰዎች የተበላሸ ኮምፒውተራቸውን በሱ አውቶቡስ ይልካሉ፤ ባለፈው አንዱን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ እንደ ተሳፋሪ አስከፍሎታል።

ሁለት ቤት አይተህ እንዳልቆረጥክም ነግሮኛል። አንዱ ከግቢው በስተኋላ ነው አሉ፣ ጸጥ ያለ፣ ሰፊ ማድቤት ያለው፣ መንገደኛ የማያየው። ሌላው ጠባብ ነው፣ ግን የፊት ክፍሉ በር መንገዱ ላይ ይከፈታል። የመጀመሪያው የሚያምር ቤት እንደሆነ ሰምቻለሁ። እኔ የትኛውን እንደምመርጥ አልነግርህም፤ ተከራዩ አንተ ነህ። ስትጨርስ ብቻ የቱን እንደተከራየህ ጻፍልኝ። በሰው አፍ አትላክብኝ፣ ጻፈው። ማንም ሳያነብልኝ፣ ብቻዬን ተቀምጬ አነበዋለሁ።

ፈጣሪ ደረትህን ያጽናልህ፣ እጅህን ከማሽን አፍ ይጠብቅልህ፣ ሳቅህንም አያጉድልብኝ። አብረውህ ለሚሠሩት ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ሚስትህ፣
በገዛ እጄ