በሩን ያንኳኳው ሰይፈኛ

ይድረስ ለወንድምዓለም፦ ጤናህ እንደምን ነው? እኛ ደህና ነን፤ ትተህልኝ የሄድከው ጌም ቤትም ደህና ነው። ያልተሻላቸው ደንበኞችህ ብቻ ናቸው።

ሰሞኑን የያዛቸው ጌም የአንድ ሰይፈኛ ታሪክ ነው። ሰውዬው ሃያ ዓመት ተዋግቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በሩን ሲያንኳኳ እናቱ ትከፍትና "ማንን ፈልገህ ነው ልጄ?" ትለዋለች። በቃ፣ ያልቃል። በዚህ የተነሳ ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬን በሉት።

ፀጉር አስተካካዩ "ውጊያው አንደኛ፣ መጨረሻው ቆሻሻ!" ይላል። እሱ ውጊያ የሚለው አንዷን ቁልፍ እንደ ሙቀጫ መውቀጥ ነው፤ መመከት የሚባል ነገር መኖሩንም አልሰማ። ባለታክሲው ደግሞ ትናንት "ልጇን የምትረሳ እናት የት አለች? ደራሲው እናት የለውም እንዴ?" ብሎ ጆይስቲኩን ወረወረ። ለአፍ ዳገት የለውም!

ከኋላ ተቀምጣ ስታይ የነበረችው እማዬ "ሴትዮዋ ምን አጠፋች? በትህትና ነው የጠየቀችው" አለች። ደናቁርቱ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሁሉንም አስወጥቼ በጠራራ ፀሐይ ቤቱን ዘጋሁት።

ይልቅ ፎቶህን ላክልኝ፤ የቅርብ ጊዜ ይሁን፣ ፊትህ በደንብ የሚታይበት። ለእማዬ አልጋ ራስጌ ነው። እረፍት ካገኘህም ዘንድሮውኑ ብቅ በል፤ ለከርሞ አትበል።

በል እንግዲህ፣ ሰላምህ ይብዛ። እማዬም "ሰላም በይልኝ" ብላለች፤ ስምህን ሦስቴ ነግሬያት።

እህትህ