ለሩዋይዳ የመጣ ተልባ

ልጄ ፈይሩዛ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ ባለሽበት አገር የሚያዝንልሽ ሰው አያሳጣሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአሰላ ብርድ ዘንድሮ ከፍቷል፤ የአባትሽ ገብስ ግን አምሮበታል።

እህትሽን ሩዋይዳን ሆስፒታል ወስጃታለሁ፤ ሐኪሙ በየሳምንቱ አምጪያት ብሎኛል። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ጨጓራዋን ነው» አልኩ። ገና ልጅ ሆና መኖር አስጠላኝ አለች ብዬ እንዴት ላውራ? ይኸው ሁሉም ተልባ ይዞ ይመጣል፤ እሷም እኔ እንዳላፍር ብላ ትጠጣዋለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀንቼብሻለሁ። በየሐሙሱ ጭኔ ላይ አስተኝቼ ፀጉሯን የምሠራት እኔ! ጭንቀቷን የምትነግረው ግን ባሕር ማዶ ላለሽው ለአንቺ፣ በስልክ! እሷ ያለችሽን ለእኔ የነገርሽኝ ዕለት ስልኩ የተቋረጠው ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም፤ ተናድጄ ዘግቼብሽ ነው።

ትላንት አበባ፣ የጎረቤታችን የገብረ ማርያም ሚስት፣ ደግሞ ተልባ ይዛ መጣች። «ጨጓራ አይደለም፣ ጭንቀት ነው የያዛት» አልኳት። ሩዋይዳ ከጓዳ ሰምታ የያዘችውን የተልባ ኩባያ አስቀመጠች።

እናቴ ቀናች ብለሽ መደወሉን እንዳትተዪ። ዕድሜሽ ይርዘም፣ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፦ እንዲህ እንድትነግርሽ መጀመሪያ ምን ብለሽ ነው የጠየቅሻት? ሐሙስ ሳይደርስ ላኪልኝ፤ ፀጉሯን እሠራታለሁ።

እናትሽ ሀጂራ