ለሰልማን ዓይን የላክሽው ኩል

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ከልጅሽ ከሩመይሳ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ የደሴ ብርድ አልጠናብሽም? የአባባ ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ሱብሒ ላይ ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል? እህቴ ኢክራምስ እንዴት ናት፣ ሆዷ ገፋ? እኛም ደህና ነን ብዬ እንደ ወጉ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለንም እማዬ። ፈርቻለሁ።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ገና ኩል ስል፣ ሁላችሁንም ኩዬ አይደል ያሳደግኳችሁ ብለሽ ሳቅሽና ስልኩን ለጎረቤት አቀበልሽብኝ። ስለዚህ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ምግብ ቤት አብራኝ የምትሠራው አበባ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ደሴ ስትመጣ ይህን በእጇ ታደርስልሻለች። ኢክራም ታንብብልሽ። አደራሽን፣ ሳያልቅ አትነሺ።

ልጄ ሰልማን ዓመት ሲሞላው እዚህ አገር እንደሚደረገው ደሙ ተመረመረ። እርሳስ የሚባለው ብረት በደሙ ውስጥ ተገኝቷል አሉን። ጉዳቱ ጭንቅላት ላይ ነው አለች ሐኪሟ፤ አፉን ሊያዘገየው፣ ኋላም ትምህርት ሊያከብድበት ይችላል፤ የተጎዳው ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንኪያ ሳቀብለው እጁን ትንሽ ካዘገየ ደግሜ ደግሜ አቀብለዋለሁ። ስጠራው ካልዞረ እንባዬ ይመጣል። አንዳንዴ እኮ ዝም ብሎ መጫወቻው ይዞት ነው።

ከካውንቲው፣ ከአካባቢው ጤና ቢሮ፣ የተላከች ነርስ ቤታችን መጣች። የሆሊውዱ አፓርታማችን አሮጌ ስለሆነ የግድግዳው ቀለም ተጠረጠረ። ከአገር ቤት የመጣ መድኃኒት አለ ወይ አለችኝ፤ የለም አልኳት። ልጁን የምትቀቡት መዋቢያስ አለች፤ ወንድ ልጅ እኮ ነው ብዬ ሳቅኩ። እማዬ፣ ልዋሻት ብዬ አይደለም። አንቺ ወቅጠሽ የላክሽው የኩሉ ብልቃጥ ትራሱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነበር። ግን ኩል ለኛ መድኃኒትም አይደል፣ መዋቢያም አይደል። እንደ መታቀፊያው ከሕፃኑ ጋር አብሮ የሚኖር ነገር ነው። ጭራሽ አልመጣልኝም።

የባሰውን ስሚ። ነርሷ ከሄደች በኋላ ፍርሃቱ ሲጠናብኝ፣ ልጄን ዓይን በልቶታል አልኩ። ምግብ ቤቱ ይዤው ስሄድ ያየው ሁሉ ሲያምር ይላል፣ ማሻአላህ የሚል የለም። ስለዚህ አንቺ ብትሆኚ የምታደርጊውን አደረግኩ። ጠዋትም ማታም አወፍሬ ኳልኩት። ባሌ ሁዘይፋ ከሥራ ደክሞት ገብቶ ግድግዳውን ይሸፍናል፣ መስኮቱን ይወለውላል፤ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ልጁን እኳላለሁ። ዓይኑን ያሻል፣ እጁን ይልሳል። ዳግም ሲመረመር የእርሳሱ ቁጥር ጨምሮ ተገኘ። የጨመርኩበት እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ቢስሚላህ ብዬ።

ነገሩን ያገኘችው ሲሀም ናት። እዚሁ የተወለደች የሐረር ሰዎች ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የጥንት እስላም አገሮችን የሕክምና ታሪክ ትማራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኛ ጋር ታስተናግዳለች። ሰልማንን አቅፋ ዓይኑን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ይሄ ኩል ቴስት ተደርጓል ወይ አለችኝ። ብልቃጡን ለነርሷ ሰጠናት፤ ተመረመረ፤ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው።

ሲሀምን ያዝኳት። ኩል ሱና ነው፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተኳሉበት ያሉት ድንጋይ፣ ኢስሚድ ነው፣ እናቴን ምን ብዬ ልንገራት አልኳት። ድሮ በባግዳድና በካይሮ የዓይን ሐኪም መጠሪያው ራሱ ከኩል የወጣ እንደነበር ነገረችኝ። የገበያው ተቆጣጣሪ ሳይፈትነው አያክምም፤ ዞሮ ኩል የሚሸጠውንም አትመኑት ብለው የዘመኑ ሊቃውንት ጽፈዋል። የጥንቶቹ ድንጋይ ንጹሕ ነበር፣ ያበላሸው የዛሬ ገበያ ነው እንድትለኝ ጠበቅኩ። እንዲያ ብዬ ብጽፍልሽ ይቀልሽ ነበር። አላለችም። ኢስሚድ ሌላ ማዕድን ነው፣ ግን የእርሳሱም ድንጋይ ጥቁር ነው፣ እሱም ያብረቀርቃል፤ እነሱም ያምታቱት ነበር፣ እንዲያውም እርሳስን አጥበው ለዓይን መድኃኒት ያውሉት ነበር አለችኝ። እነዚያ ሁሉ ሊቃውንት ያልለዩትን አንቺ በሙቀጫሽ ከየት ትለይው? ማንም አይወቅስሽም። አሁን ግን ሰምተሻል።

የሰፈሩ አራስ ሁሉ ኩል የምትወስደው ካንቺ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ይህም ነው። የወሰዱትን በየቤታቸው ሄደሽ ንገሪያቸው፣ ልጆቻቸውን ያስመርምሩ። ኩልሽ የተመሰገነ ነው፣ ስምሽ ነው፤ እንደሚከብድሽ አላጣሁትም። ዓይን የፈራሽ እንደሆነ ቁርኣን ቅሪባቸው፣ ዱዓ አድርጊላቸው። ድንጋዩን ግን ከቤት አውጪው።

ሐሙስ ሰልማን ደግሞ ይመረመራል። ኩሉን ስለተውን ደሙ ውስጥ ያለው ይቀንሳል ብለውናል። ስለ ጭንቅላቱ ግን ማንም አፉን ሞልቶ አይነግረኝም።

አባባን እጁን ስሚልኝ፣ ሳሉን ይታከም። እትዬ ዘምዘምን ሰላም በይልኝ፤ ለልጅ ልጇ ባለፈው የወሰደችውን እንዳትረሺ። ሁዘይፋ እጅ ነስቷል፣ ሰልማንም ጉንጭሽን ይስማል።

ኢክራም፣ አንቺንስ እማዬ እየሰማችም ቢሆን እነግርሻለሁ። ልጅሽ ሲወለድ ከማንም ቀድማ ኩሉን ይዛ ትመጣለች፤ ለሌላው ሰው የነገረችውን ለራሷ የልጅ ልጅ ስትል ትረሳዋለች። እንዳታፍሪያት። እጇን ያዢያት።

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.